መልሱን የምታውቀው ሴት

ሴቶችን ለማክበር በዚህ ዓለም ላይ ብዙ ተደክሟል። አንዳንዱ ሐውልት አቁሟል፣ አንዳንዱ መንገድ ሰይሟል፣ አቅም ያነሰውም አበባ ገዝቷል። ለከተማዋ ላይኛ ሰፈር ውኃ የሚገፋው መሥሪያ ቤት ግን ከሁሉም የላቀ ነገር አደረገ፤ ኮሚቴ አቋቋመ። ይህን የመሰለ ገድል እስከ ዛሬ በጽሑፍ ሳይሰፍር መቅረቱ የሚያስቆጭ በመሆኑ፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት እነሆ።

ነገሩ የተጀመረው ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሦስት ቀን ስብሰባ ሲመለሱ ነው። ስብሰባው የት እንደነበር እንጂ ስለ ምን እንደነበር ለማንም አልተናገሩም ነበር። ሲመለሱ ግን በእጃቸው ጥቁር ቦርሳ ይዘዋል፤ በቦርሳው ላይ በነጭ ፊደል «አካታች ቅጥር ለሁሉም» የሚል ተጽፎበታል። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰብስበው ቦርሳውን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ከዛሬ ጀምሮ አካታች ነን!» አሉ። «እስከ ትናንት ምን እንደነበርን አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ነን።»

ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። መሥሪያ ቤቱ መቶ አርባ ሠራተኞች ሲኖሩት ሃያ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። በየሙያቸው ተከብረው ይኖራሉ፤ አሥራ አንዱ ያጸዳሉ፣ ስድስቱ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ አራቱ የሠራተኛው ምግብ ቤት ውስጥ ናቸው። ሃያ ሁለተኛዋ ፓምፕ ቤት ናት።

«በተለይ የፓምፕ ክፍል ኃላፊ ቦታ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክፍት ሆኖ መኖሩ አሳፋሪ ነው» ሲሉ ቀጠሉ ሥራ አስኪያጁ። «ይህ ቦታ ብቃት ባላት ሴት ይሞላል። የሴቶች ቀን ከመድረሱ በፊት፣ ያለችበት ድረስ ሄደን፣ ፈልገን እናገኛታለን!»

ሃያ ሁለተኛዋ ሴት ይህን የሰማችው ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ፣ በቱታዋ ኪስ በያዘችው ጨርቅ የእጇን ግራሶ እየጠረገች ነው። ለመገኘት ሃያ እርምጃ ብቻ ነበር የቀራት። ልቧ ድንግጥ አለ፤ በደስታ።

ቦታው ክፍት ነው መባሉ ሐሰት አይደለም። የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ በወጡ ማግስት «ቋሚ ኃላፊ እስኪመደብ ድረስ ለሦስት ወር በተጠባባቂነት እንድትሠሪ» የሚል ደብዳቤ ተሰጣት። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ሌላ ደብዳቤ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ደብዳቤው ሠላሳ ስድስት ደረሰ። ከመለመዱ የተነሣ ስሟ ተረስቶ ዘበኛውም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ምግብ ቤት ያሉት ሴቶችም «ተጠባባቂዋ» ይሏታል።

ተጠባባቂዋ ሦስቱን ፓምፖች ዓይኗን ጨፍና በድምፃቸው ትለያቸዋለች። ላይኛው ሰፈር ውኃ ሲጠፋ ሥራ አስኪያጁ የሚደውሉት ለእሷ ነው፤ ውኃው ሲመለስ ምስጋናውን የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። ይህ ትክክለኛ የሥራ ክፍፍል ነው። የኃላፊዎች ስብሰባ ላይ ግን ተጠባባቂ አይገባም፤ መመሪያ አይፈቅድም። ስለዚህ ስለ ፓምፕ ሲወራ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ ጥያቄ ሲነሣ ፀሐፊዋ ብቅ ብላ ትጠይቃታለች፣ መልሱን ይዛ ትገባለች፣ በሩም ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው አንድ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት የአሥር ዓመት ልጇ የትምህርት ቤት ቅጽ ሞልታ አመጣች፤ «የእናት ሥራ» ከሚለው አጠገብ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ጊዜያዊ» ብላ ጽፋበታለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው የኔ እመቤት?»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ሁልጊዜ ለአባዬ የምትዪው? ጊዜያዊ ነኝ፣ ጊዜያዊ ነኝ።»

«ሥራዬ እኮ ፓምፕ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «ግን እማዬ፣ ጊዜው ሲያልቅብሽ ምን ትሆኛለሽ?»

ሦስት ፓምፕ ፈትታ የምትገጥም ሴት ለአንድ ፍሬ ልጅ የምትመልሰው ሲጠፋት፣ ያ ነገር ሆዷ ገብቶ ቀረ። የዚያን ሰኞ ማታ እራት ላይ ሳታስበው ፈገግ ፈገግ ስትል ልጇ አየቻት።

«ምን ተገኘ?»

«ቋሚ ልሆን ነው መሰለኝ።»

«እንግዲያው የዘንድሮውን ቅጽ አልሞላም» አለች ልጅቷ። «እጠብቅሻለሁ።»

ኮሚቴው ማክሰኞ ተቋቋመ። አምስት አባላት አሉት፤ አምስቱም ወንዶች ናቸው። ሊቀ መንበሩ የአስተዳደር ኃላፊው ሲሆኑ፣ ሴት በኮሚቴው ትግባ አትግባ በሚለው ላይ ግማሽ ቀን አከራክረዋል። በመጨረሻ፣ ሴት ብትገባ ለሴት ታዳላለች፣ ኮሚቴው ደግሞ የተቋቋመው ለሴት ለማዳላት ስለሆነ ሥራ መደራረብ ይሆናል ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ከዚያ ማስታወቂያ ወጣ። «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በደማቅ ቀለም፣ ከሌላው ጽሑፍ ሁለት እጥፍ በሚበልጥ ፊደል ታተመ። ማስታወቂያውም በደንቡ መሠረት በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሰሌዳው የሚገኘው፣ መሥሪያ ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ፣ በወንዶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነው።

ኮሚቴው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሴት አመልካች ጠበቀ። የመጀመሪያዋን የሚቀበሉበት እቅፍ አበባ ተገዝቶ በሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ በባልዲ ውኃ ውስጥ ተቀመጠ። አበባው ጠወለገ፣ ሌላ ተገዛ፣ እሱም ጠወለገ። አንድም ሴት አልመጣችም።

«ሴቶቻችን ይፈራሉ» አሉ ሊቀ መንበሩ በእውነተኛ ኀዘን። «ይህን ያህል እያበረታታናቸው!»

በዚህ መሐል አንድ ችግር ተገኘ። አመልካቾች የሙያ ፈተና ይፈተናሉ ተብሏል፣ ከኮሚቴው አባላት ግን ፓምፕ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የለም። አንደኛው አባል አንድ ጊዜ በመስኮት አይቶት እንደነበር ተናግሯል። ስለዚህ ተጠባባቂዋ ተጠራች፤ በሁለት ቀን ውስጥ ፈተናውን ከነመልሱ አውጥታ እንድታቀርብ ታዘዘች።

አወጣች። ሁለት ሌሊት ሳትተኛ አርባ ጥያቄ፣ አንዱም ተንኮል የሌለበት፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚመልሰው ፈተና አዘጋጀች። በሦስተኛው ቀን ፈተናውን ከራሷ ማመልከቻ ጋር አያይዛ ለሊቀ መንበሩ ሰጠች። እሳቸውም ፈተናውን ተቀብለው፣ ማመልከቻውን በሁለት ጣት ይዘው ከፍ አድርገው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእኔ ማመልከቻ ነው።»

«ልትፈተኚ ነው?»

«አዎ።»

«ፈተናውን ማነው ያወጣው?»

«እኔ ነኛ። እናንተ አይደላችሁ እንዴ ያዘዛችሁኝ?»

«መልሱን ታውቂዋለሽ ማለት ነው።»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲህ አስቢው እህቴ» አሉ ሊቀ መንበሩ ድምፃቸውን በአባትነት ዝቅ አድርገው። «መልሱን የሚያውቅ ሰው እንዴት ይፈተናል? ይሄ ፍትሕ ነው?»

«ታዲያ ፈተናውን ሌላ ሰው ያውጣው።»

«ሌላ የሚያውቅ የለም።»

«የማውቀው እኔ ብቻ ከሆንኩ…»

«እሱ ነው ችግርሽ!» አሉ ጠረጴዛውን በደስታ መታ አድርገው፤ በመጨረሻ የተግባቡ መስሏቸው። «ሌላው አመልካች የማያውቀውን አንቺ ታውቂያለሽ። ይህ ሌላውን ያገልላል። እኛ ደግሞ ማንንም አናገልም፤ አካታች ነን።»

ማመልከቻውን መለሱላት። አጥፋ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከታ ደረጃውን ወረደች። ሊከራከሩት የማይቻል ነገር ገጥሟት አያውቅም ነበር፤ ፓምፕ እንኳ ቢያምፅ የሚያምፅበት ምክንያት ይኖረዋል።

ፈተናውን ሰባት ወንዶች ተፈተኑ። አራሚዋ እሷው ነበረች፤ ሌላ ማን ይረም? ስድስቱ ከሃያ በታች አመጡ። ሰባተኛው፣ ዕድሜው አርባ ያለፈ፣ ራሱ የተመለጠ፣ ኮፍያውን በእጁ የሚያሻሽ ሰው፣ ሠላሳ አንድ አመጣ። የማለፊያው ነጥብ አምሳ ነበር። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ አምሳ መባሉ አምሳ ማምጣት የማይችሉትን ወገኖች ያላገናዘበ መሆኑን ገምግሞ፣ ሠላሳ እንዲሆን አሻሻለው።

ሰውየው ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ተጠባባቂዋም «የሙያ አማካሪ፣ ድምፅ የሌላት» ተብላ ክፍሉ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

«ሠላሳ አንድ አምጥተሃል፤ እንኳን ደስ ያለህ» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ደስ የሚለው?» አለ ሰውየው። «ጌቶቼ፣ እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ሥራ ከፈታሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ልጆች አሉኝ፣ ከሰጣችሁኝ እምቢ አልልም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ይህን ፈተና ያወጣው ማነው? እንዲህ ያለ ሥራ አዋቂ አይቼ አላውቅም።»

ሊቀ መንበሩ ሳይዞሩ በእርሳሳቸው ወደ ጥጉ ጠቆሙ።

«እዚሁ ነው የምትሠራው?»

«ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

ከአምስቱ አንዱ ሳለ። ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «ወንድሜ፣ አንተ የተጠራኸው ለመመለስ ነው እንጂ ለመጠየቅ አይደለም» አሉት። ቀጥለውም ወደ ዋናው ጉዳይ ገቡ። «ይህን ኃላፊነት ብትይዝ ሴቶችን እንዴት ወደ አመራር ታመጣለህ?»

ፍሪጅ ጠጋኙ ወደ ጥጉ አየ። «ሥራውን የምታውቅ ሴት ካለች» አለ፣ «ቦታውን ለሷ እሰጣታለሁ።»

አምስቱም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። እንዲህ ያለ የበሰለ አመለካከት ከአንድ አመልካች አፍ ይወጣል ብለው አልጠበቁም። ሊቀ መንበሩ እንባ አቀረሩ። ለዚህ ጥያቄ የተመደበው ሃያ ነጥብ ሙሉ ተሰጠው፤ በዚህም መልሱ ቦታው ለእሱ ተሰጠ።

የሴቶች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ከጥግ እስከ ጥግ በወረቀት አበባ ተሸለመ፤ «እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፣ ልጆቻችን» የሚል ጨርቅ በመድረኩ ላይ ተንጠለጠለ። የፊት ሁለት ረድፍ ወንበር ለሴቶች የተተወ ነበር። ሴቶቹ ግን ወንበር ሲደረድሩ፣ ለእንግዶች ለስላሳ ሲያድሉ፣ ብርጭቆ ሲሰበስቡ መቀመጫ ጊዜ በማጣታቸው፣ ቦታው ባዶ ሆኖ ፎቶ እንዳያበላሽ ሁለቱንም ረድፍ ወንዶች ሞሉት። ጽጌረዳም ለእያንዳንዳቸው ታደላቸው።

ሥራ አስኪያጁ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ሴት እናት ናት አሉ። ሴት እህት ናት አሉ። ሴት ሚስት ናት አሉ። ሌላም ብዙ ነገር ናት አሉ፤ ኃላፊ ናት የሚለው ግን ከወረቀታቸው ላይ አልነበረም። ቀጥለው የአካታች ቅጥሩ ፍሬ የሆነውን አዲሱን የፓምፕ ክፍል ኃላፊ ለሕዝብ አስተዋወቁ። ፍሪጅ ጠጋኙ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምቆ ቆመ። ለተጠባባቂዋ ደግሞ «ለዘጠኝ ዓመት ላበረከቱት ጊዜያዊ አስተዋፅኦ» የሚል መስታወት ፍሬም ውስጥ የገባ ምስክር ወረቀትና አንድ ፖስታ ተሰጣት። ፖስታውን እዚያው ከፈተችው። ሠላሳ ሰባተኛው ደብዳቤ ነበር፤ አዲሱን ኃላፊ በሦስት ወር ውስጥ ሥራ እንድታስተምር ያዝዛል።

ከመድረክ ወርዳ በቀጥታ ፓምፕ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። አለቀሰች። ደህና አድርጋ፣ ድምፅ አውጥታ ነው ያለቀሰችው፤ ሦስቱ ፓምፖች እየጮሁ ማን ይሰማታል? ያስለቀሳት ቦታው ብቻ አልነበረም። ልጇ የዘንድሮውን ቅጽ ባዶውን ይዛ እየጠበቀቻት ነው፤ እሷን ማየት ነው የፈራችው።

በሩ ሲንኳኳ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ፍሪጅ ጠጋኙ ነበር፣ ጽጌረዳውን ኪሱ ውስጥ ሻጥ አድርጎ።

«እህቴ፣ እኔን አትቀየሚኝ። የልጆች ነገር ሆኖብኝ ነው።»

«አንተ ምን አደረግህ? እውነቱን የተናገርክ አንተ ብቻ ነህ።»

«ተናግሬ ምን ጠቀመሽ? እነሱ ለንግግሩ ነጥብ ሰጡኝ።» በመስኮቱ ወደ ማዶ ጠቆመ። «ማዶ ያለው ሳሙና ፋብሪካ በር ላይ አንድ ወረቀት አይቻለሁ። ‹ፓምፕ የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን› ይላል።»

«ለምን አላመለከትክም ታዲያ?»

«‹የሚያውቅ› ነው እኮ የሚለው!» አለ።

በማግስቱ ጠዋት መንገዱን ተሻገረች። እዚህ ላይ ስለ ሳሙና ፋብሪካው ባለቤት ኋላ ቀርነት ጥቂት ማለት ግድ ነው። ሰውየው ኮሚቴ የለውም። አበባ አልገዛም። «አካታች» የሚለውን ቃል በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውኃ ውስጥ ቆሞ ነበር ያገኘችው።

«ምን ፈለግሽ?»

«ወረቀቱን አይቼ ነው።»

«ታውቂያለሽ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ጆሮዋን ወደ ፓምፑ አዘነበለች። «ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል። አሁኑኑ ካላጠፋችሁት ዘንጉንም ይዞት ይሄዳል።»

«አጥፋው!» ብሎ ጮኸ ሰውየው ወደ ኋላው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «እስከ ስንት ሰዓት ትጨርሺዋለሽ?»

እስከ ቀትር ጨረሰችው። ከሰዓት በኋላ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጣት፤ ሴት መሆኗን በሚመለከት አንድም ቃል የሌለበት፣ ለበዓል የማይሆን፣ ደረቅ ደብዳቤ። «የውኃ ክፍል ኃላፊ፣ ቋሚ» ይላል። ማታ ልጇ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ቅጹን አወጣችና እስክሪብቶ እየነከሰች፣ «ኃላፊ የሚለው በየትኛው ‹ሃ› ነው?» አለች። እናቲቱ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ጻፈችላት።

መሥሪያ ቤቱም ቢሆን አልተጎዳም። ላይኛው ሰፈር በሳምንት ሦስት ቀን ውኃ አጣ እንጂ። ፍሪጅ ጠጋኙ አንድ ነገር ሲጠፋው መንገዱን ተሻግሮ እየጠየቃት ይመለሳል፤ ይህም በወርሃዊ ሪፖርት ላይ «ከአጎራባች ተቋማት ጋር የሚደረግ የልምድ ልውውጥ» ተብሎ ሰፈረ። ሥራ ከመልቀቋ በላይ ግን ለመሥሪያ ቤቱ የበጀው ነገር አልነበረም። ከበላይ የመጡ ሦስት ገምጋሚዎች «ስንት ሴት ወደ አመራር አመጣችሁ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሊቀ መንበሩ ያለ አንዳች ማመንታት «አንድ» አሉ።

«የት ናት?»

ሊቀ መንበሩ መስኮቱን ከፍተው የሳሙና ፋብሪካውን ጭስ ማውጫ አሳዩ። «ያቻት። ዘጠኝ ዓመት ኮትኩተን ያሳደግናት ናት። እኛ ጋ ብቻ አንወሰንም፤ ለጎረቤትም እናፈራለን።»

ገምጋሚዎቹ ጻፉ። መሥሪያ ቤቱ በአካታችነት አንደኛ ወጣ። ለዋንጫው ርክክብም የቀድሞዋ ተጠባባቂ በክብር እንግድነት ተጠራች፤ ዘበኛው ተነሥቶ በሩን ከፈተላት፣ የፊት ወንበር ተሰጣት፣ ዋንጫው ከፊቷ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ «የስኬታችን ምልክት» ብለው ጋበዟትና ድምፅ ማጉያውን ያዘች። ሴቶቹ ብርጭቆ መሰብሰባቸውን አቆሙ።

«ብዙ አልናገርም» አለች። «ኮሚቴው እንድፈተን ቢፈቅድልኝ ኖሮ አልፍ ነበር። ባልፍ ደግሞ ዛሬ ማዶ ሳይሆን እዚሁ ነበርኩ፤ ላይኛው ሰፈርም ውኃ ነበረው። ስላልፈቀደልኝ ግን ልጄ ‹የእናት ሥራ› የሚለውን ሞልታለች። አመሰግናለሁ።»

አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከኋላ ያሉት ሴቶች እየሳቁ፣ ከፊት ያሉት ወንዶች እየተመሰጡ፣ ጭብጨባው አልቆም አለ። ሊቀ መንበሩ ቃለ ጉባኤው ላይ «ምስጋና አቀረቡ» ብለው አሰፈሩ። ሥራ አስኪያጁ ግን አላጨበጨቡም፤ በሐሳብ ተውጠው ወደ መድረኩ እያዩ ነበር። ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«አየህ አይደል? አነጋገሯን፣ ዕውቀቷን፣ ድፍረቷን? እኛ እንግዲህ ይህን ሁሉ ስንደክም የኖርነው እንዲህ ያለች ሴት አጥተን ነው።»

«ከየት ትምጣ ጌታዬ» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ በረጅሙ ተንፍሰው።